ሁለት ድስት፣ አንድ ሰርግ

እሑድ ንጋት፣ ባሕር ዳር

ከድጃ በሬን ስታንኳኳ ገና ጎህ አልቀደደም። «ተነሽ! አባቴ ዳንግላ እየጠበቀን ነው።» ከአዲስ አበባ ከተዛወርኩ ወዲህ የሥራ ባልደረባዬ ናት። የአባቷ የልብ ወዳጅ፣ የኮሶበሩ ገበሬ አቶ ታከለ፣ ልጃቸውን ይድራሉ። ነጭ ቀሚሴን ለብሼ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ።

ረፋድ፣ ዳንግላ

መናኸሪያው አጠገብ ጋሪና ባጃጅ ይጋፋል። የከድጃ አባት አቶ ሐሰን ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ዛሬ ሱቃቸውን ዘግተው በአንድ እጃቸው ለሙሽራዋ ነጠላ፣ በሌላው የተጠቀለለ ቢላ ይዘዋል። ቢላውን ሳይ ደነገጥኩ።

«አትፍሪ» አሉኝ እየሳቁ። «ታከለ ለኛ ለሙስሊሞቹ በግ አስሮልናል፤ አራጁ እኔ ነኝ። በኢድ ደግሞ እኔ አስርለታለሁ፣ እሱ መጥቶ ያርዳል።»

«ታዲያ በየድስታችሁ እየበላችሁ፣ አብረን በላን ይባላል?»

«እሱን ታከለን ጠይቂው።»

እኩለ ቀን፣ መንገድ ላይ

ጎማችን ፈነዳ። ትርፍ ጎማ የለም፣ ኔትወርክም የለም። አቶ ሐሰን አስፋልቱ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። «ታከለ እኛ ሳንቆርስ ማንንም አያስቆርስም። ሙሽራው ከነአጃቢው ጦሙን ሊውል ነው!»

በመጨረሻ ከሰል የጫነ አይሱዙ ቆመልን። እሳቸው ጋቢና ገቡ፣ እኔና ከድጃ ጆንያው ላይ ወጣን። የድንች ማሳው፣ ቀርከሃው፣ ለሰርግ የተሸለሙ ፈረሶች እያለፉን ሄዱ። ቀሚሴ ጠቆረ። እንዲያም ሆኖ መሳቅ አላቆምንም።

ከሰዓት፣ ኮሶበር አጠገብ

እውነትም ድንኳኑ ሞልቷል፣ ገበታው ግን ባዶ ነው። የሙሽራው ወገን የሆኑ ሽማግሌ «ወጡ ቀዘቀዘ እኮ!» ይላሉ። አቶ ታከለ ሲያዩን በአካባቢው ቋንቋ፣ በአውንጊ፣ የሆነ ነገር ጮኸው፣ ሮጠው አቶ ሐሰንን አቀፏቸው።

በጉ ታረደ። ለብቻው በተዘጋጀ ምድጃ፣ ለብቻው በተቀመጠ ድስት ከድጃና ሌሎች ሙስሊም ሴቶች ጥብሱን አደረሱት። ከዚያ ሁሉም እኩል ቆረሰ፤ አቶ ሐሰንና አቶ ታከለ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው።

ጥያቄዬን ለአቶ ታከለ ደገምኩላቸው።

«ልጄ፣ ወዳጅሽ የማይበላውን ሳታውቂ፣ ወዳጄን አውቀዋለሁ ትያለሽ?»

እኔ ባደግኩበት ግቢ «ሁላችንም አንድ ነን» እንባባል ነበር፤ አንዳችን የሌላውን ልማድ ማወቅ ግን አስፈልጎን አያውቅም። ሁለቱ ሰዎች ልዩነታቸውን እንደ አደራ ሲጠብቁ ማየቴ ደስም አለኝ፣ ቀናሁም።

«አንቺስ?» አሉኝ አቶ ታከለ። «የማትበይው ምንድን ነው?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «ቃሪያ» አልኩ እያፈርኩ።

ወዲያው ወደ ጓዳ ዞረው ተጣሩ፦ «ሰማችሁ? ትንሿን ልጄን ስድር ለዚች ልጅ ያለ ቃሪያ ይሠራላት!»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። እኔም ለሌላ ሰርግ ተጠራሁ።