የጎን ሥራ የሚሉት ካሴት

ማስታወቂያውን ይዞ የመጣው የበዓል ኮሚቴው ሰው ነው። አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሏል፤ ኮቱን ለብሷል። ወልቂጤ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ሱቄ በር ላይ ሊለጥፍ ፈቃድ ጠየቀኝ። "ትለጥፋለህ፣ መጀመሪያ ግን ላንብበው" አልኩት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ማታ ማታ እየተማርኩ አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ። ቀስ ብዬ ነው የማነበው። ነገር ግን አንድ ቃል አልዘልም።

በመስቀል ሰሞን አገሩ በሰው ሲሞላ፣ ለአንድ የሮክ ዘፋኝ የምስጋና በዓል ሊደረግለት ነው። ሥዕሉ ላይ ፀጉሩ ትከሻው ላይ ወርዷል፣ ዓይኑን ጨፍኗል፣ አፉን ከፍቷል፣ ጊታሩ ሆዱ ላይ ነው። ከሥሩ ሥራዎቹ ተዘርዝረዋል። ሁሉም ከባንዱ ጋር የሠራቸው ናቸው።

"ሌሎቹስ የት አሉ?"

"የትኞቹ?"

"እሹሩሩዎቹ። ለሬዲዮ ድራማው የሠራው። ከሴቶቹ ጋር የሠራው ካሴት።"

ሳቀ። "እማማ፣ እነሱ እኮ የጎን ሥራዎች ናቸው። ጊዜ ሲተርፈው የሞካከራቸው። እኛ የምናከብረው ሮከሩን ነው።"

ደሜ ፈላ። ኮት የለበሰ ሰው ላይ መጮኽ ስለማልፈራ ጮኽኩበት። ማስታወቂያውን ለጥፎልኝ ሄደ፣ አጣምሞ።

እኔ ይህን ዘፋኝ የማውቀው ገና ሲጀምር ነው። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ዕቃ ጭኜ ስመለስ የሚኒባሱ ሾፌር ካሴቱን ከፈተው። ተሳፋሪው ሁሉ ተነሳበት። አንድ ሽማግሌ "ኧረ ልጄ፣ ይሄ ሰው ታሟል፤ የሚዘፍን ሳይሆን ሐኪም የሚጣራ ነው" ሲሉ መኪናው በሙሉ ሳቀ። ሾፌሩ ሊያጠፋው እጁን ሲሰድ እኔ ከኋላ ወንበር "እንዳትነካው!" አልኩ።

ለምን እንደወደድኩት ያን ዕለት አላወቅኩም፤ ኋላ ነው ያሰብኩበት። እኛ ሴቶች እንድንጮኽ የሚፈቀድልን ሰው ሲሞት ብቻ ነው። በሌላ ቀን የጮኸች ሴት አብዳለች ትባላለች። እሱ ግን ማንም ሳይሞትበት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሆዱን ሁሉ አውጥቶ ይጮኻል፤ ለዚያውም ይጨበጨብለታል። ቀናሁበት። ቀንቼ ሳበቃ ወደድኩት።

ከዚያ በኋላ የእሱ ካሴት ወጥቶ ያልገዛሁት የለም። የመናኸሪያ ልጆች "እማማ ሮክ" ይሉኛል። ከሱቄ ድምፁን ሲሰሙ "እማማ ሮክ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?" ብለው ያልፋሉ። "ያንተ እፍረት ናት የሞተችው፤ ና ልቅሶ ድረስ" እላቸዋለሁ።

ዕድሜዬ ሲገፋ ግን ጩኸቱን ለወጣቶቹ ተውኩላቸውና የጎን ሥራ የሚሏቸውን መስማት አበዛሁ። ባንዱ ተኮራርፎ የተበተነ ጊዜ፣ በአንድ ክራር ብቻ የእሹሩሩ ዜማዎችን ሠራ። ለሚጮኽ ሰው ድምፅን ዝቅ ማድረግ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ እኔ ራሴ አልችልበትም። እሱ ቻለበት። እያንዳንዱ ስንኝ መጨረሻ ላይ ትንፋሹን ይይዛል፤ ልክ የተኛ ሕፃን ራስ ሥር ያለን ክንድ ቀስ ብለን ስናወጣ እንደምንይዘው። ይህን የዘፈነ ሰው ልጅ አስተኝቶ ያውቃል። የልጅ ልጆቼ በሙሉ በዚያ ካሴት ነው ያደጉት።

ለሬዲዮ ድራማው የሠራውም አለ። የድራማው ታሪክ ጠፍቶብኛል። ክፉው ሰውዬ ሊገባ ሲል የምትመታው አንዲት ክር ግን አትጠፋኝም። ሆን ብሎ ትንሽ አላልቷታል። እሷን ስሰማ ስኳር መስፈሬን ትቼ እቆማለሁ፤ ደንበኞቼ "ኧረ ስኳራችንን!" ይላሉ።

ሁሉም ጥሩ ነው አልልም። ለሳሙና ማስታወቂያ የዘፈናት አለች። እሷን በክፉ ነው የማስታውሳት፤ ሳሙናውንም ሱቄ አላስገባውም።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ከእኛ ጋር የሠራው ነው። አዎ፣ ከእኛ ጋር።

የባለቤቴ አገር ጉንችሬ አካባቢ ነው። ሱቁን ከከፈትኩ በኋላም እንሰት በሚፋቅበት ወቅት አገር ቤት እወርድ ነበር፤ የአካባቢው ሴቶች ተሰብስበን በየተራ የአንዷን ሥራ እናነሳለን። አንድ ዓመት እሱ መጣ። እናቱ የዚያው አገር ሰው ናት። ሴቶቹ ሲፍቁ የሚያወጡትን ዜማ መቅዳት እፈልጋለሁ አለ። የእንሰት ፍቂያ ባለበት ወንድ አይጠጋም። እሱም ፀጉሩን ያስረዝም እንጂ ደንቡን ያውቅ ነበር። ማይክራፎኑን ለእኛ ሰጠንና ገመዱን እየለቀቀ ከአጥሩ ማዶ፣ ከእንሰቱ ጀርባ ሄዶ ተቀመጠ። ሴቶቹ "ሙሽራ እንኳ እንዲህ አልተጋረደብንም!" እያሉ ሳቁበት። የቀዳን አንድም ፊት ሳያይ ነው።

ካሴቱን ያልሰማ ሰው ይህን ይወቅልኝ፤ ከበሮ የለውም። ምቱ የቀርከሃው መፋቂያ በሳንቃው ላይ ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ ነው፣ ሽው፣ ሽው። ጊታሩን በኋላ አዲስ አበባ ነው የጨመረበት፤ እሱም ሴቶቹ ላብ ለመጥረግ ባረፉበት ቦታ ብቻ ይገባል፤ ሥራው ሲቀጥል እሱ ይወጣል። ጊታር ይዞ ለሴት ሥራ ቦታ የሚለቅ ወንድ ሌላ አላውቅም።

ከሁሉ በላይ ያለችው ደግሞ መሪዋ ናት፤ ጓደኛዬ፣ የባሌ ቤት ጎረቤቴ። ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች፣ ሙስሊም ናት፣ ከሌላ ወረዳ ነው ተድራ የመጣችው። ስታወጣ ድምፅዋ ከሥር ይነሳና ልክ ይሰበራል ስትል ይታጠፋል። የእኛ ሥራ መቀበል ነበር። የእኔማ ድምፅ እንደ ቁራ ነው።

ቀድተን ስንጨርስ እሱ ከአጥሩ ማዶ ተጣራ። "እናቶቼ፣ ስማችሁን ከነአባታችሁ አንድ በአንድ ወደ ማይኩ ንገሩኝ፤ ሽፋኑ ላይ ይጻፋል!"

ሁላችንም ተናገርን። ጓደኛዬ ጋ ሲደርስ ዝም አለች። አንገቷን ደፍታ መፋቂያዋን ትጠርጋለች።

"ቀጣይዋ እናት?"

ዝም።

እኔ የማውቀው ስሟን ብቻ ነው፤ እሱን ተናገርኩላት። የአባቷን ስም አላውቅም ነበር። ካሴቱ ሲወጣ ግን የሁላችንም ስም አለ፤ የእኔ የቁራዋም አለ። የእሷ የለም። አዲስ አበባ ካሴት ቤቱ ድረስ ሄጄ ጠየቅኩ። "የአባት ስም የሌለው አይታተምም" አሉኝ። "ድምፅስ የአባት ስም አለው?" ስላቸው አስወጡኝ።

ዝም ያለችበት ምክንያት የገባኝ አባቷ ሲሞቱ ለልቅሶ የሄድኩ ቀን ነው። የአባቷና የአማቷ፣ የባሏ አባት፣ ስም አንድ ነው። በእኛ ዘንድ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ሌላ ሰው እንኳ በዚያ ስም ቢጠራ እሷ ዞር ብላ በሌላ ቃል ነው የምትለው፤ ስሙ ፊቷ ሲነሳ ራሷን ሸፍና ታቀረቅራለች። በተቀዳን ዕለት አማቷ በሕይወት ነበሩ፤ ጓሮው የእሳቸው፣ እንሰቱ የእሳቸው። እንዴት ብላ ወደ ማሽን ትጥራቸው? አክብራ ዝም ባለች ከካሴት ተሰረዘች። አክባሪ የሚቀጣበት ነገር እኔን ያሳብደኛል።

ዛሬ ቡታጅራ ልጇ ቤት ትኖራለች። ጆሮዋ እየሄደ ነው። አንደኛው ፈጽሞ ተዘግቷል፤ ሌላውም እንደማይቆይ ሐኪሙ ነግሯታል። ባለፈው ክረምት ልጠይቃት ሄጄ በደህነኛው በኩል ተጠግቼ ስናወራ እንዲህ አለችኝ፤ "መጻፉን ተይው፣ ብጻፍም ማንበብ አልችልም። አንድ ቀን በሰው ፊት ሲጠራ ብቻ ልስማው። ሳይዘጋብኝ።"

ስለዚህ በዓሉን ስሰማ ልኬባት አስመጣኋት። "አሰላሙ አለይኩም" ብላ ከሚኒባስ ስትወርድ አዲሱን ሻሽዋን አስራለች። ኮሚቴው ቢሮ ይዣት ሄጄ ለዚያ ባለ ባጅ ሁሉንም ነገርኩት። "እናያለን እማማ" አለ። እናያለን ማለት አናይም ማለት እንደሆነ ለማወቅ አራተኛ ክፍል ይበቃል።

ሜዳው ላይ ከኋላ አስቀመጡን። ፊት ለፊት ሶፋው ላይ እንግዶች ናቸው። ዘፋኙ መድረክ ላይ ነበር፤ ያ ሁሉ ፀጉር አልቆ ራሱ ያብረቀርቃል። ንግግር ተደረገ፣ ጋቢ ተደረበለት፣ የባንዱ ዘፈኖች ተለቀቁ። ከዚያ የድምፅ ማጉያው አንዱ ተበላሽቶ ሲጠገን ባለ ባጁ ማይኩን ያዘና "እስኪስተካከል ድረስ አንዲት የጎን ሥራ ጋበዝናችሁ፣ ዘና በሉበት! ካልታወቁ እናቶች ጋር ነው" አለ። ሽው፣ ሽው። የእሷ ድምፅ ተነሳ።

ጓደኛዬ ሰዉን ታያለች እንጂ አልሰማችም። አጠገባችን የተቀመጡ ስልካቸውን ይነካካሉ።

ካልታወቁ እናቶች!

ተነሳሁ። "ማን ነው ያልታወቀ? እኔ አውቃታለሁ! ይቺውት ተቀምጣለች!"

"እማማ፣ ይቀመጡ፣ ፕሮግራም አለን።"

"እኔም ፕሮግራም አለኝ!"

"ሮክ! ሮክ! እማማ ሮክ!" ብለው የመናኸሪያ ልጆች ከዳር ጮኹ፤ ይደግፉኝ ይቀልዱብኝ አላውቅም። ጓደኛዬን ክንዷን ይዤ በሰው እግር ላይ እየረገጥኩ መድረኩ ሥር ደረስኩ። አንድ ጥበቃ ሊይዘኝ ሲል ዘፋኙ "ተዋት" ብሎ ወደ ጠርዙ መጣና በርከክ አለ።

"እናቴ፣ ምን አጠፋሁ?"

"ከጉንችሬዋ ካሴት መሪዋን ዘለልካት። ይቺውት።"

አያት። ፊቷን ሲያይ የመጀመሪያው ነው። "ስም ስጠይቅ ዝም ያሉት? እኔ እኮ ስማቸው እንዲወጣ ያልፈለጉ መስሎኝ ነው።"

"መሰለህ! የአባቷ ስም የአማቷም ስም ነው፤ እንዴት ትጥራው? የጉራጌ ልጅ አይደለህም? አንተ ደንብ አክብረህ ከአጥር ውጭ ስትቀመጥ ተመሰገንክ፣ እሷ ደንብ አክብራ ዝም ስትል ተሰረዘች። ይሄ ፍርድ ነው?"

ማይኩን አነሳ። "ማን ልበል?" አለኝ። ስሟን ከነአባቷ ነገርኩት። ዘፈኑን አስቆመ፤ በማይኩ "ይህን ድምፅ ያወጡት…" ብሎ በሥርዓት፣ በጨዋ አነጋገር ጠራት። ሰዉ አጨበጨበ። እሷ ግን ፊቴን ፊቴን ታያለች።

"ምን አለ?" አለችኝ።

"አልሰማችህም" አልኩት።

"በማይክ እኮ ነው የተናገርኩት፣ እናቴ።"

"ዕድሜ ልክህን የጮኽከው ለዚህ ካልሆነ ለምንድነው? ጩኽ!"

ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ልክ ማስታወቂያው ላይ እንዳለው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሚኒባስ ውስጥ ያን ጊዜ በሰማሁት ድምፅ ስሟን ከነአባቷ ጮኸው። የቀረው ድምፅ ማጉያ ተንጫጫ። ሶፋው ላይ ያሉት ጆሯቸውን ያዙ።

ጓደኛዬ ሻሽዋን ሳብ አድርጋ ፊቷን ሸፈነች። አቀረቀረች፤ አማቷ ፊቷ የቆሙ ይመስል ቀና አላለችም።

እኔ ማልቀስ አልወድም፤ ስለዚህ ወደ ባለ ባጁ ዞሬ አፈጠጥኩበት። እሱም "እሺ፣ ወደ ፕሮግራማችን እንመለስ" አለ። እንዲህ ነው ያለው። ሌላ ሥራ ያለው ይመስል።

ማታ እኔ ቤት አደረች። ንዴቴ ስላልበረደልኝ በደህነኛው ጆሮዋ በኩል ተጠግቼ "ሰማሽ አይደል?" አልኳት።

ፊቷን እንደገና በሻሽዋ ከለል አደረገች። ከሥሩ እየሳቀች ነበር። "ወላሂ፣ አማቴን እንዲያ አድርጎ በአደባባይ መጥራት ነውር ነው" አለች።

"ነውሩ የኮሚቴው ነው!" አልኳት።

ይህን አልሰማችም። ወይም እንዳልሰማች ሆነች።