በሐምሌ የተነቀለ እንግጫ

በረንዳዬ ፊት ያለው ሣር ዛሬ አንድ ወጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ወንበሬን አውጥቼ አየዋለሁ። መኩራራት ነው የሚል ካለ ይበል።

ለብዙ ዓመታት ግን በዚህ ሣር ላይ የማዘው እኔ አልነበርኩም። ደብረ ማርቆስ ቤት የሠራን ጊዜ የባሌ ታላቅ እህት ከምትኖርበት ከይጁቤ፣ ከወንዝ ዳር የተቆረጠ ሣር ከነአፈሩ በጆንያ አስጭና ላከችልን፤ ስጦታ መሆኑ ነው። ፊት ለፊት «እርስዎ» እላታለሁ፤ እዚህ ግን እንደሚመቸኝ እጽፋለሁ። ከሣሩ ጋር እንግጫ መጣ።

እንግጫ ለዓይን ሣር ነው፤ የሚለየው ጣት ነው። ግንዱን በሁለት ጣት ይዞ ማሽከርከር ነው። የሣር ግንድ ክብ ስለሆነ ይሽከረከራል፣ የእንግጫ ግን ሦስት ጠርዝ ስላለው ይቆረቁራል። ሣሩ በታጨደ በጥቂት ቀንም እሱ ብቻ ከሌላው በላይ ብቅ ይላል፣ ወደ ቢጫ ባደላ ቅጠሉ እያብረቀረቀ።

ይህን ባውቅም መንቀል አልተፈቀደልኝም። በእኛ አገር እንግጫ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ልጃገረዶች የሚነቅሉት፣ ጎንጉነው ምሰሶና የወላጅ ራስ ላይ የሚያስሩት ነው። እህትየው በዚህ ላይ የራሷን ጨመረች፦ ከቀኑ በፊት የነካው ሰው የቤቱን ገድ ይነቅላል። ባሌ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በእህቱ ፊት ምላስ አልነበረውም። ተይው፣ በዋዜማው ልጆቹ ያጸዱልሻል ይለኝ ነበር። ልጆቹም እየዘፈኑ ይነቅሉታል፤ በዓመቱ እጥፍ ሆኖ ይወጣል። እሷ ደግሞ እንግዳ ባለበት፣ «የእኛ ሙሽሪት ሣር ማሳደግ እንኳ አልሆነላትም» ትላለች። ሦስተኛ ልጄን ከዳርኩ በኋላም ሙሽሪት ነበርኩ።

ባሌ ካረፈ በኋላ በመጣው ሐምሌ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ መኮትኮቻ ይዤ ወጣሁ። አንዱን ዙሪያውን ፈልፍዬ ከነሥሩ አወጣሁት። ከሥሩ ነጭ ክር ወጥቷል፤ ክሩ ጫፍ ላይ ሽምብራ የማታህል ፍሬ ጀምራለች። ያኔ ገባኝ። እስከ ዋዜማው ሲቆይ ፍሬው ይበስላል፤ ሲጎትቱት ክሩ ይበጠስና ፍሬው መሬት ውስጥ ይቀራል። በየዓመቱ እየነቀልን ስንዘራው ኖረናል።

ያን ክረምት ክሩን እየተከተልኩ ስለቅም ከረምኩ። የለቀምኩትን ፍግ ላይ አልጣልኩም፤ አድርቄ አቃጠልኩት። ውኃ ለሚተኛበትም ጥግ እንደ እርሻ ውኃው የሚወርድበት ፈሰስ አወጣሁለት፤ እንግጫ እርጥብ ይወዳል።

በነሐሴ እህትየው መጣች። የተቆፈረውን አይታ በሩ ላይ ቆመች።

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም አላዘዘኝም፣ እትዬ። ግቢዬ ነው።»

«በዋዜማው ልጆቹ ምን ሊነቅሉ ነው?»

«ወንዝ ዳር ሞልቷል። እርስዎስ ያመጡት ከዚያ አይደል?»

ምሳዬን ሳትቀምስ ሄደች። ለዘመድ ሁሉ «ወንድሜ ሳይቀዘቅዝ ቤቱን ገለበጠችው» ብላ አዳረሰችው፤ ሁሉም ደረሰኝ። በዋዜማው ልጆቹን ወንዝ ዳር ላክኋቸው፤ እቅፍ ሙሉ ይዘው ተመለሱ። የእኔም ራስ ላይ አሰሩልኝ።

በቀጣዩ ሐምሌ ጥቂት ብቅ አለ፣ ለቀምኩት። ከዚያ ወዲያ ሣሩ፣ ሰርዶው፣ ራሱ ክፍቱን ገጠመው።

እህትየው ለዓመታት ቀርታ ዘንድሮ ለበዓል መጣች፤ ዕድሜዋም ገፍቷል። በርጩማ አወጣሁላት። ጎንበስ ብላ ሣሩን በመዳፏ ዳሰሰች፣ አንዱን ግንድ ይዛም በጣቷ አሽከረከረች። ክብ ነበር። ከዚያ የይጁቤውን ግቢዋን እንግጫ እንደጨረሰባት፣ በዋዜማው ብታስነቅለውም እንደባሰበት ነገረችኝ። ጠይቂኝ እንጂ አልኩ በልቤ።

«በምን አጠፋሽው?» አለች በመጨረሻ።

«በሐምሌ ነው የሚነቀል፣ እትዬ። ከቀኑ በፊት።»

«ገዱስ?»

«ይኸው አለሁ።»

ጀንበሯ ዞራ ፊቷ ላይ ስትወጣባት፣ «በርጩማዬን ወደ ጥላው ባስጠጋ ሣርሽን እጎዳብሽ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። ትንሽ አሰብኩና ያስጠጉ አልኳት።