አልተፋሁም

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው፤ የክረምቱ ውሃ ከፎገራ ሜዳ ሸሽቶ ወባ በሚበረታበት ሰሞን። እስካሁን ምራቄን በዋጥሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ለምን እንደሆነ ስጨርስ ይገባችኋል።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ልጅ ሳለሁ ድስቷንና እንስራዋን ተሸክማ ወረታ ገበያ ስትወርድ አብሬያት እመጣ ነበር። ሰዉ ድስቱን በጣቱ እያንኳኳ ይገዛል፤ ወጡን ይሠራበታል፤ እናቴን ግን ከገበታው አያስጠጋም። ቡዳ ናታ! ዓይኗ ያረፈበት ይታመማል ይባላል። እኛ ስናልፍ ወተት ይሸፈናል፤ የሚበላም ሰው ፊቱን ያዞራል። እኔም የእሷ ልጅ ስለሆንሁ ቡዳ እየተባልሁ ነው ያደግሁት።

ታዲያ እኔ ምን ብከፍት ጥሩ ነው? ምግብ ቤት! እዚያው ወረታ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገነጠልበት ዝቅ ብሎ፣ ከእትዬ ዘውዴ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። የማን ልጅ እንደሆንሁ ሳይጠይቁኝ እንዲያውቁት የእናቴን ድስቶች ደጃፉ ላይ ደረደርኋቸው። በከፈትሁ ሰሞን አንዱ አወቀኝና የጎረሰውን ተፍቶ ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት። የት አባታቸው! በማግስቱ ሩዜን ቀቅዬ፣ የዓሳ ወጤን ሠርቼ በሬን ከፈትሁ።

መጀመሪያ የመጡልኝ የጭነት መኪና ሾፌሮች ናቸው። መንገደኛ የማንንም ዘር አይቆጥርም። ቀጥሎ የባጃጅ ልጆች መጡ። ከሰፈሩ ሰው ግን ደፍራ አጠገቤ ቁጭ ብላ የበላች የእትዬ ዘውዴ ልጅ ሰብለ ብቻ ነበረች። እርጎዬን እየጠጣች «እስኪ ብዪኝ!» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ያቺው ሰብለ ታመመች። ልጠይቃት ብሄድ በሩን ዘጉብኝ። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ፣ የእትዬ ዘውዴ ወንድም አያ ተገኘ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ነይ ውጪ! በጭስ ስናስለፈልፋት ስምሽን ጠርታለች። ነይና እንትፍ በይባት!»

ለማያውቅ ልንገር። ቡዳ በላው የተባለን በሽተኛ ጭስ እያሸተቱ «ማን ነው የበላህ?» ብለው ያስጨንቁታል። ስሙ የተጠራው ሰው ይመጣና ይተፋበታል፤ ምራቁ ያድነዋል ይላሉ። ከተፋሁ ቡዳነቴን በራሴ አፍ አመንሁ ማለት ነው፤ ያን ዕለት ምግብ ቤቱ ያልቅለታል። ሳልተፋ ሰብለ ብትሞት ደግሞ ገዳይዋ እኔ ነኝ።

የጎረሱትም ማላመጥ አቆሙ። ሽርጤን ፈትቼ አያ ተገኘን ተከተልኋቸው።

ክፍሉ በጭስ ታፍኗል። ሰብለ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ትንቀጠቀጣለች፤ ግንባሯን ብነካው እሳት ነው። እትዬ ዘውዴ እግሬ ላይ ወደቁ።

«ፈንታዬ፣ ልጄን መልሽልኝ! አንዴ ብቻ እንትፍ በይባት፤ በሞቴ!»

አንጀቴን በሉት። አልዋሽም፣ ምራቄ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። እንትፍ ብል ሁሉም ተገላግሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ግን እናቴ ፊቴ ድቅን አለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ አንገቷን ደፍታ በሰው ደጅ ስታልፍ። ምራቄን ዋጥሁት።

«አልተፋም!» አልሁ። «ይቺ ልጅ ወባ ነው የያዛት። ጭሱን አውጡልኝና ሐኪም ቤት እንውሰዳት!»

አያ ተገኘ በሩን በቁመታቸው ሞሉት። «ሳትተፊ ንቅንቅ አትዪም!»

«እንግዲያው እዚሁ አብሬያት እሞታለሁ እንጂ አልተፋም! ይስሙኝ አያ ተገኘ፤ ሰብለ ብትሞት የገደላት የእኔ ዓይን ሳይሆን የእርስዎ ጭስ ነው!»

እትዬ ዘውዴ ከወደቁበት ተነሱ። ልጃቸውን አዩ፤ እኔን አዩ። «ተገኘ፣ ዞር በል! የወለድኋት እኔ ነኝ» አሉ።

ከደንበኞቼ አንዱ የባጃጅ ልጅ ምሳውን ትቶ ተከትሎን ኖሮ ባጃጁን አስነስቶ ደጅ ይጠብቀናል። ሰብለን ጭኔ ላይ አስተኝቼ ከእትዬ ዘውዴ ጋር ሐኪም ቤት ሄድን። ደሟ ሲታይ እውነትም ወባ ነው። ሐኪሙ ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ወደ ጭንቅላቷ ይወጣ ነበር ብሎ ተቆጣንና መድኃኒቱን በደም ሥሯ ሰጣት።

አመሻሹ ላይ ዓይኗን ገለጠች። እኔን ስታይ ምን ብትል ጥሩ ነው?

«ፈንታዬ፣ ስጠራሽ ምነው ቀረሽ? ጥሙ ሲገድለኝ እርጎሽ አምሮኝ ነበር እኮ።»

እትዬ ዘውዴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ምን ያበቃል! ሰብለ ድና ስትመለስ ሰፈሩ «ባጃጁ ውስጥ ተፍታባት ነው የዳነችው!» ብሎት ዐረፈ። ደሜ ፈላ። ስንት ጊዜ የለፋሁበት ደንበኛዬም ሳሳ።

እትዬ ዘውዴ የገበያ ቀን ጠብቀው መጡ። ሰው ግጥም ባለበት መሃል ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡና ሩዝ በዓሳ ወጥ አዘዙ። ሳህኑን አስቀምጬ ዞር ልል ስል እጄን ያዙኝ። ሰው ሲበላ ዓይኔን ማሸሽ ከልጅነቴ የለመድሁት ነው።

«የት ትሄጃለሽ?» አሉ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ልጄን ያዳናት ሐኪምና የዚች ልጅ ድፍረት ነው፤ ምራቅ አይደለም። እዚሁ ፊቴ ቁሚ፤ እያየሽኝ ነው የምበላው!»

ጎረሱ። አየኋቸው። ሳህኑን ጠርገው እስኪጨርሱ ድረስ ዓይኔን ከላያቸው አልነቀልሁም።

ዛሬ ምግብ ቤቴ ሁለት ክፍል ሆኗል። በሩ ላይ «የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ምግብ ቤት» ብዬ አጽፌያለሁ፤ ወጡም የሚቀርበው በእናቴ ሸክላ ነው። እናቴ ገበያ ስትመጣ መሃል ቤት ተቀምጣ፣ ቀና ብላ ትበላለች። አያ ተገኘ አንድም ቀን ብቅ አላሉም፤ ይቅርባቸው። ተፍታ ነው የሚለው ወሬም አልጠፋም፤ በጆሮዬ እሰማዋለሁ። የሚያወሩት ግን ሩዜን እየጎረሱ ነው። እኔም እንደ ድሮው ዞር አልልም። ፊት ለፊታቸው ቆሜ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ «ይጨመር?» እላቸዋለሁ።