ጋሽ ወልዴ ነዳጅ አልረገጡም

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ኖሬ ይህን ውጬ ነው የምነሳው። አሁን ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ ሰዎች እናዘዛለሁ። ፍረዱብኝ እንጂ አታባብሉኝ።

በደርግ ጊዜ ቦንጋ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። ሙያውን ጅማ ተምሬ ስለመጣሁ ከተማው በእጄ ይተማመን ነበር፤ እኔም በዚያ እኮራ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት ከባለሀብት የተወረሰች አሮጌ የጀርመን አውቶሞቢል ነበረችው። ሾፌሯ ጋሽ ወልዴ ይባላሉ፤ የዚያው የከፋ ተወላጅ፣ ዝምተኛ፣ ከእኔ በዕድሜ ብዙ የሚበልጡ።

አንድ ክረምት መኪናዋን ይዘውልኝ መጡ።

"ጠዋት ጠዋት ትነሳና ወዲያው ትጠፋብኛለች" አሉኝ። "እግሬን ነዳጁ ላይ ካላቆየሁ አትዘልቅም። ከሞቀች ግን ምንም የላት።"

ምክንያቱን አውቄዋለሁ። ሞተሩ ጎን ላይ አንዲት ትንሽ የአየር ቫልቮላ አለች፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ተከፍታ ተጨማሪ አየር ትሰጠዋለች፣ ሲሞቅ ትዘጋለች። እሷ ተዘግታ ቀርታለች። ግን እንዲህ ያለችውን ፈትቼ አላውቅም ነበር። "ጋሽ ወልዴ፣ ይቺን አላውቃትም፣ ጅማ ይውሰዷት" ማለት ምን ነበረበት? ምላሴ ይቆረጥ ነበር? እኔ ግን ፈታኋት። በቤንዚን አጠብኳት። አልላወስ ስትለኝ በካቻቢቴ ፈልቅቄ መክደኛዋን አጣመምኩት። ማጣመሜን አይቻለሁ። አይቼ መልሼ ገጠምኳት። ከዚያ ሞተሩ እስኪግል ጠብቄ፣ ያለ እግር ጸጥ ብሎ ሲሠራ አሳየኋቸው። ከሞቀች ደህና መሆኗን እሳቸውም ያውቁ ነበር፤ ግን አመኑኝ።

"ጨርሻለሁ" አልኳቸው። "ከእንግዲህ ጠዋት ሲያስነሱ ነዳጅ እንዳይረግጡ፤ ከረገጡ በቤንዚን ትታፈናለች።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ" አሉኝ።

በማግስቱ ማለዳ ምጥ የጠናባትን ሴት ከማንኪራ ገጠር በቃሬዛ ተሸክመው አመጡ። ጤና ጣቢያው ከአቅሜ በላይ ነው፣ ጅማ ትሂድ አለ። በቅርብ የተገኘችው የጋሽ ወልዴ መኪና ነበረች። ሴትየዋን ከኋላ አስተኟት። የሆነውን ኋላ የነገሩኝ መኪናዋን ሲገፉ የነበሩት ሰዎች ናቸው። ጋሽ ወልዴ አስነሱ፤ ጠፋች። አስነሱ፤ ጠፋች። እኔ እንዳዘዝኳቸው እግራቸውን ከነዳጁ አርቀው፣ ባትሪው እስኪሞት ድረስ ደጋገሙ። በጭቃው ውስጥ ቢገፏትም አልሆነም። የጭነት መኪና ተለምኖ እስኪመጣ ረፈደ። ሴትየዋ ጅማ ሳትደርስ መንገድ ላይ ከነልጇ ሞተች።

ያን ጊዜ ተራ ጥፋት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሁሉም አሻጥር ነበር። ጋሽ ወልዴ የሕዝብ ንብረት አውቀው አበላሽተዋል ተብለው ተያዙ። እኔም በባለሙያነት ኮሚቴ ፊት ተጠራሁ።

"ጓድ፣ መኪናዋ ከእጅህ ስትወጣ ደህና ነበረች?"

"ደህና ነበረች።"

ማንም አላስገደደኝም። እርግጥ ፈርቻለሁ፤ ግን ከእስሩ ይልቅ "አያውቅም" መባልን ነበር የፈራሁት። እዚያው የቆሙት ጋሽ ወልዴ ቀና ብለው አዩኝ። ይከራከሩኛል ብዬ ጠበቅሁ።

"እሱ ደህና ነበረች ካለ ደህና ነበረች" አሉ። "ምናልባት እግሬ ለምዶበት ሳላውቅ ረግጬ ይሆናል።"

በእኔ ውሸት ራሳቸው ላይ መሰከሩ። ታሰሩም።

እሳቸው እስር ቤት ሳሉ መኪናዋ ተመልሳ እኔው ጋ መጣች። ቫልቮላዋን አወጣሁና የጠመመውን መክደኛ ቀስ ብዬ አቃናሁት። ጠዋት በብርዱ አስነሳኋት፤ እግር ሳይነካት ሠራች። ስለዚህ እችል ነበር ማለት ነው። ትንሽ ትዕግሥት ብቻ ነበር የጎደለኝ። የኮሚቴው ቢሮ ከጋራዡ ሩቅ አልነበረም። ሄጄ "ጥፋቱ የእኔ ነው" ብል ምናልባት ይፈቷቸው ነበር። እኔ ግን እጄን ታጥቤ ምሳዬን በላሁ።

ጋሽ ወልዴ ሲፈቱ ዳግመኛ መሪ አልጨበጡም። ሺሺንዳ ዘመዶቻቸው ዘንድ ገብተው ማረስ ጀመሩ። ደርግ ሊወድቅ ሲል፣ በገበያ ቀን እዚያ አገኙኝ። አቅፈው ሳሙኝና ከሰው ለይተው ወደ ጎን ወሰዱኝ።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ያቺ ሴት በሕልሜ ትመጣብኛለች። እውነት ያን ጠዋት ነዳጁን ረግጬው ነበር?"

ኮሚቴ አልነበረም። የሚሰማንም ሰው አልነበረም። በአንድ ቃል ላሳርፋቸው እችል ነበር።

"ሳይረግጡ አልቀሩም" አልኳቸው።

"እኔም እሱን ነው የጠረጠርኩት" አሉኝ። ከዚያ ቤታቸው ገብቼ ምሳ እንድበላ ለመኑኝ።

አሁን በሕይወት የሉም። ያቺ ሴት ጅማ ብትደርስ ትተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም፤ ባላውቀው ይሻለኛል፣ መሸሸጊያ አደርገዋለሁና። ዘመኑ ክፉ ነበር የሚለኝ ሰው ይኖራል። ሺሺንዳ ገበያ ላይ የዋሸው ዘመኑ አይደለም፤ እኔ ነኝ።

የጋሽ ወልዴ ልጅ እዚያው ሺሺንዳ ትኖራለች። አባቷን፣ በጥፋታቸው ሰው አስሞተዋል ብላ እንዳመነች ነው የቀበረቻቸው። መንገዱን አውቀዋለሁ። እስከ ዛሬ ደጇን አልረገጥኩም።