እናቴን ከጎሊና አሸዋ ያስነሳት ስድብ

ይህ የደረሰብኝ በስልሳ አምስቱ ድርቅ ጊዜ ነው። ከዚያ ዘመን የማስታውሰው አብዛኛው ነገር ለወሬ የሚመች አይደለም። ይችን ግን ባሰብኳት ቁጥር ሳቄ ይመጣል፤ ስቄ ስጨርስ ደግሞ ዐይኔን መጥረግ አለብኝ። ዘመድ ሲሰባሰብ "ሞላ፣ እስቲ ያችን የእናትህን ነገር ንገረን" የሚሉኝም ለዚሁ ነው።

መንደራችን ከሮቢት በታች፣ ወደ ዞብል ተራሮች በሚወስደው ሜዳ ላይ ናት። ያኔ ስንዱን አግብቼ ጎጆ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም ነበር። እናቴ ዘነበች ባሏ የሞተባት፣ ከእኔ ሌላ ልጅ የሌላት ሴት ነበረች። አማቴ ትርንጎም እንደዚሁ ባሏን ቀብራ ያሳደገቻትን አንዲት ልጇን ለእኔ የሰጠች። ሁለቱ ሴቶች ከሰርጋችን ቀን ጀምሮ ተኳርፈዋል። አማቴ በሰርጉ መሃል ጠላውን ቀመስ አደረገችና "ይህማ ለእግር መታጠቢያ ይሆናል" አለች። ቃሉ እናቴ ጆሮ ለመድረስ አፍታም አልፈጀበት።

ከዚያ ወዲህ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ሆነ። አንድ መደብ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እንኳ እናቴ "ሞላ፣ ለዚያች ሴትዮ ንገርልኝ፤ ነጠላዋ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ትሳበው" ትላለች። አማቴ ደግሞ "ሞላ፣ ለእናትህ ንገራት፤ መጀመሪያ ትነሳልኝ" ትለኛለች። እኔ መሃል ቆሜ አንገቴን ወዲያና ወዲህ ማዞር ነው።

ዝናቡ ሲቀር ግን ወግም ጠፋ። ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ደረቀ። በሬዎቹ ተከታትለው አለቁ። የየጎረቤቱ በር ተዘግቶ ይታይ ጀመር፤ አንዳንዱ ተሰዶ፣ አንዳንዱም የሚከፍተው ጠፍቶ። በመጨረሻ ቆቦ ላይ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ ለተራበ ሰው ቅንጬ እየታደለ ነው የሚል ወሬ ደረሰን። አራታችንም በጠዋት ተነሳን። አማቴ ከፊት፣ እናቴ ከኋላ፤ ጎን ለጎን መሄዱን ሁለቱም እሺ አላሉም።

ጎሊና ወንዝ ስንደርስ ውሃ የለም፤ አሸዋ ብቻ። እናቴ ከአንዲት ግራር ሥር ተቀመጠች። ትንሽ ልታርፍ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገችና "ልጄ፣ እኔስ እዚሁ ይበቃኛል። አንተ ስንዱን ይዘህ ሂድ" አለችኝ። በመንገዳችን ላይ እንደዚህ ብለው የተቀመጡ ሰዎች አይተናል። ሲነሱ አላየንም።

ለመንኳት። እግሯ ላይ ወደቅሁ። ልሸከማት ሞከርኩና ሁለታችንም አሸዋው ላይ ተደፋን። ስንዱ እያለቀሰች እጇን ትስማለች። እናቴ መልስ መስጠቱንም ተወችው።

ይኼኔ ቀድማን የነበረችው አማቴ ተመልሳ መጣች። ምርኩዟን ተደግፋ እናቴ ራስጌ ቆመች። ከሰርጉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አናገረቻት።

"ዘነበች! ስምሽ እንኳ ዋሽቶናል። ሙች፣ እኔን ምን ቸገረኝ! ቆቦ ገብቼ ግን ለሰው ሁሉ አወራለሁ። የልጇ ሰርግ ጠላ ውሃ ነበር እላለሁ። መቼስ የሚመልስልኝ የለ!"

ደነገጥኩ። ነፍሷ ልትወጣ ለተቃረበች ሴት እንዲህ ይባላል? ስንዱ "እማ፣ ኧረ በማርያም!" ብላ ጮኸች።

ነጠላው ተንቀሳቀሰ።

"ምን አልሽ?" አለች እናቴ ከሥሩ።

"ውሃ ነበር አልኩ።"

"ጌሾውን በእጄ ነው የወቀጥኩት፣ አንች ምላሰኛ!"

"ወቅጠሽ ሞተሻል! ለጋኑ ከሩቅ ነው ያሳየሽው!"

እናቴ ነጠላውን ከፊቷ ገፈፈች። ተነሽ ያላት ሰው የለም፤ ትከሻዬን ይዛ ቆመች። እስከ ቆቦ ድረስ ስለ ጌሾው፣ ስለ ብቅሉ፣ ስለ ጋኑ እጥበት እየተከራከሩ ሄዱ። እናቴ እርምጃዋ ሲዝል አማቴ ዞር ትልና አዲስ ነገር ትጨምርባታለች።

"ዶሮ ወጡስ ቢሆን!"

"ዶሮ ወጡ ደግሞ ምን ሆነ?" እያለች እናቴ ትከተላታለች። እኔና ስንዱ ከኋላ ሆነን መሳቅም ማልቀስም አቃተን። በዚያ ባዶ ሆድ የዶሮ ወጥ ክርክር መስማት ራሱን የቻለ ስቃይ ነበር።

ቆቦ፣ ቅንጬው የሚታደልበት የተፈናቃይ መጠለያ በር ላይ አንድ ወጣት አስተናባሪ እናቴን ከደካሞቹ ጋር ድንኳን ሊያስገባት ያዛት። እሷ ግን እግሯን ተክላ ቆመች።

"ይችንም ሴትዮ አብራችሁ አስገቡልኝ። ያልጨረስነው ነገር አለ።"

"እህትዎ ናቸው?" አላት ልጁ።

"እህት? ደመኛዬ ናት!"

ልጁ ምን እንደገባው እንጃ፣ አንድ ሰሌን ላይ አስተኛቸው።

እዚያ ትንሽ እንደቆየን አማቴን ትኩሳት ጣላት። በዚያ መጠለያ ትኩሳት የያዘው ሰው ብዙ አይሰነብትም ነበር። በየማለዳው የሚወጣ ሬሳ ነበር። እናቴ ከአጠገቧ አልተነሳችም። ቅንጬውን በጣቷ እየደፈጠጠች ታጎርሳታለች፤ "አይዞሽ እህቴ፣ አይዞሽ የኔ እመቤት" እያለች ግንባሯን ትዳብሳለች። አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም። አማቴ ዐይኗን በግድ ገለጠችና ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ሞላ፣ እናትህ ደግ ሆናለች። ልሞት ነው እንዴ? እውነቱን ንገረኝ።"

ሳቃችን አመለጠን። በዚያ ድንኳን ሳቅ ስላልተለመደ የተኛው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየን። አማቴ ግን አልሞተችም። ትኩሳቱ ለቀቃትና መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ቅንጬው ጨው አንሶታል ብሎ ማጉረምረም ነው።

ዝናቡ ሲመለስ የተረፍነው ወደ መንደራችን ገባን። የማሽላው እሸት የደረሰ ጊዜ በማርያም ዕለት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ተሰበሰብን። ቄሱ "ዛሬ ሁላችሁም የምታመሰግኑትን በየአፋችሁ ተናገሩ" አሉ። አንዱ ለእሸቱ አመሰገነ። አንዲት ሴት ከነልጇ በነፃ የጫናትን የጭነት መኪና ሾፌር አመሰገነች፤ ስሙን ስለማታውቅ "ያ ጥርሰ ፍንጭቱ" አለችው። አንድ ሽማግሌ "ያልሞተችልኝን አህያዬን" ሲሉ ሰው ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ከቤተሰቡ ብቻውን የተረፈ ጎረቤታችን ተነስቶ ቆመ። ቃል አልወጣህ አለው። ቄሱ "ተሰምቷል ልጄ፣ ተቀመጥ" አሉት።

ቀጥላ እናቴ ተነሳች።

"እኔ ከእግዜር ቀጥሎ የማመሰግነው ይችን ምላሰኛ ሴትዮ ነው። ልጄና ምራቴ አይዞሽ ሲሉኝ እየሞትኩ ነበር። እሷ ናት ሰድባ ያስነሳችኝ።"

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ቄሱ እንኳ አፋቸውን በመስቀላቸው ከለሉ። ያች ማንንም የማትፈራ አማቴ ስንዱ ጀርባ ተደብቃ "ኧረ ዝም አሰኙልኝ፣ ሰው ይሰማል!" ትላለች። ፊቷን በነጠላ ጫፍ ስትጠራርግ አይቻታለሁ።

ሁለቱም ዕድሜ ጠግበው አልፈዋል፤ እርቅ ሳይወርድ። የመንደሩ ሽማግሎች ሊያስታርቋቸው አስበው ነበር፤ እባካችሁ ተዉአቸው ብዬ የለመንኩ እኔ ነኝ።

አሁን እኔም አርጅቻለሁ። አንዳንድ ቀን ከጓዳ የስንዱና የምራታችን ድምፅ ከፍ ይላል፤ ስለ ማገዶ ሊሆን ይችላል፣ ስለ በርበሬ። ጎረቤት "ኧረ ገላግላቸው፣ አንተ ሰው!" ይለኛል። እኔ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ ደስ እያለኝ አዳምጣለሁ። ድምፃቸው ድንገት ዝም ያለ እንደሆነ ግን አላስችል ይለኛል። ብድግ ብዬ እገባለሁ።