ለሻደይ የተኳለ ዓይን

ልጄ ያን ጊዜ ስምንት ዓመቷ ነበር። ሰቆጣ ውስጥ ያልወጣችበት ዛፍ፣ ያልዘለለችው ቦይ፣ ያልታገለችው ወንድ ልጅ አልነበረም። «ይቺ ልጅ ተኝታም ትሮጣለች» እያሉ ጎረቤቶች ይስቁ ነበር። እኔ አልስቅም። ሌላ እናት ልጇ ስትሮጥ እግሯን ነው የምታየው፣ እኔ የማየው ዓይኗን ነበር። እንጨት ይወጋዋል፣ ድንጋይ ይመታዋል፣ ቆሻሻ እጅ ይነካዋል እያልኩ ስሰጋ ነው የምውለው።

ይህ ስጋት ከየት እንደመጣብኝ አውቃለሁ። ያደግሁት ዝቋላ ነው። እናቴን የዓይን ማዝ ይዟት ሽፋሽፍቶቿ ወደ ውስጥ ተቀልብሰው ብሌኗን ይወጓት ነበር። በየሳምንቱ ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አሳርፋ ትጋደማለች፤ እኔም በወረንጦ አንድ በአንድ እነቅልላታለሁ። ስጨርስ «ተመስገን፣ ብርሃን መጣልኝ» ትላለች። ሽፋሽፍቱ ግን መልሶ ይበቅላል። ተምሬ፣ አስተማሪ ሆኜ፣ ሰቆጣ ተመድቤ እናቴን ወደ እኔ ሳመጣት፣ ቀዶ ጥገናው ሕመሙን ወሰደላት እንጂ ብርሃኗን አልመለሰላትም። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ግድግዳ እየዳበሰች ነው የኖረችው።

እንግዲህ እኔ ልጅ ስወልድ ምን ዓይነት እናት እንደምሆን መገመት አያቅትም። ጠዋት ጠዋት ውሃ ጠፍቶ ለወጥ እንኳ ባይተርፍ፣ ለፊቷ አንድ ጣሳ ይቀመጣል። ፎጣዋን ማንም አይነካም። በነጠላ ጫፍ ዓይኗን የሚጠርግላት ዘመድ ቢመጣ፣ እንግዳም ይሁን ሽማግሌ፣ ፊት ለፊት እቆጣለሁ። ስለዚህም ነገር ስንት ሰው ተቀይሞኛል! እርሳስ ይዞ መሮጥ፣ ጭራሮ መወራወር፣ የገና ጨዋታ አጠገብ መቆም ክልክል ነው። ከሁሉም በላይ ክልክሉ የቡሄ ጅራፍ ነበር።

ጅራፍ የወንዶች ነገር ነው። ነሐሴ ሲገባ ልጆቹ ረጅም አድርገው ይገምዱታል፣ ጫፉ ላይ ቀጭን ቃጫ ያስሩበታል፤ ሲያጮኹት ኮረብታው ይመልሰዋል። ልጄ ያን ድምፅ በሰማች ቁጥር ቁጭ ማለት አይሆንላትም። በዘጠናዎቹ አጋማሽ በአንዱ ነሐሴ፣ እጇን ይዤ እንዲህ አልኳት፦

«ጅራፍ ብትነኪ፣ አንድ ነገር ዓይንሽን ቢነካሽ፣ ሻደይ አትወጭም። ቤት ውስጥ ቆልፌብሽ ነው የምውለው። ሰምተሻል?»

ሰቆጣ ላደገች ልጅ ከዚህ የባሰ ቅጣት የለም። ሻደይ ከቡሄ በሦስተኛው ቀን ይገባል። ልጃገረዶቹ ሹሩባ ተሠርተው፣ ዓይናቸውን ተኳኩለው፣ ስሙን የሰጠውን ለምለም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው በከበሮ ቤት ለቤት ይዞራሉ። ዓመቱን ሙሉ የሚያወሩት ስለዚያ ነው። ልጄ «እሺ እማየ» አለች። እኔም በገዛ ብልሃቴ ኮራሁ።

የቡሄ ዕለት ማታ ላይ ስትገባ አንገቷን ደፍታ ነበር። ግራ ዓይኗ ቀልቷል።

«ምን ሆንሽ?»

«ጭስ ነው። የችቦ ጭስ።»

«ጅራፍ ነክተሻል?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አልነካሁም!»

ይህን መሐላ ሰው ሁሉ ይምለዋል፤ እኔ ግን ከእሷ አፍ ስሰማው ሰውነቴ ተሸማቀቀ። «እንዲህ እያልሽ አትማይ!» ብዬ ጮኽኩባት። በመሐላው ስናደድ የመሐላውን ምክንያት ረሳሁት። በማግስቱ ነጠላ ተከናንባ ዋለች። ዝናብ ነው፣ ብርድ ነው አለችኝ። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ምሳዋን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በላች። እኔ የሁለት መቶ ተማሪ ዓይን ጠዋት ጠዋት በሰልፍ የምፈትሽ ሴትዮ፣ የአንዷን የራሴን ልጅ ዓይን ማየት አቃተኝ። ሹሩባዋ ስለጠበቀባት ያኮረፈች ነበር የመሰለኝ።

የሻደይ ጠዋት ደረሰ። ሌሎቹ ልጆች በአንድ መኳያ ተራ በተራ ሲኳሉ ባየሁ ቁጥር በሽታው ሲተላለፍ ይታየኛል። ስለዚህ ለልጄ የራሷን መኳያ ለይቼ፣ ውሃ አፍልቼ ቀቅዬው፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቄ፣ ራሴ ልኩላት ተቀመጥኩ። ቀኙን በደህና ተኳለች። ወደ ግራው ስመጣ ትከሻዋ ሲወጠር ተሰማኝ። መኳያውን ሳሳልፈው ትንፋሿን ዋጠች፤ እንባዋ እስከ አገጯ ወረደ።

«ዓይንሽ ውስጥ ገብቶ ሲያቃጥል ያጠራዋል። ታገሽ» አልኳት። ታገሠች። እኔም ደገምኩላት።

ዛሬ ድረስ ያቺ «ታገሽ» ትዝ ስትለኝ የያዝኩትን ነገር አስቀምጣለሁ።

እኩለ ቀን ላይ ከበሮው ወደ ግቢያችን ገባ። ልጃገረዶቹ ክብ ሠርተው ይጨፍራሉ፤ ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ላይ ተሰብስቧል። እናቴ መደብ ላይ ተቀምጣ በእጇ ታጨበጭባለች። የእኔዋ ከሁሉ በላይ ትዘል የነበረችው፣ ዛሬ መሬቱን በእግሯ እየፈተነች ነው። ጭንቅላቷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ በአንድ በኩል ታያለች፣ ዶሮ ጥሬ ስታይ እንደምታደርገው። ውሃ በብርጭቆ ይዤ ቀረብኳት። እጇን ዘረጋችና ከብርጭቆው አንድ ስንዝር ወዲህ አየር ጨበጠች።

እጇን ይዤ ወደ ቤት ሳስገባት ከበሮው አላቆመም። በሩ አጠገብ፣ ብርሃን ላይ አቆምኳት። ቀኝ ዓይኗን በመዳፌ ሸፈንኩ።

«ይኸ ስንት ጣት ነው?»

«ሦስት» አለች ቶሎ ብላ።

ጣት አላወጣሁም ነበር። ሌላው እጄ ከኋላዬ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ይህ አባባል ያን ቀን ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣም። ሣሩ ወገቧ ላይ እንደታሰረ አዘልኳት። ስምንት ዓመት የሞላትን ልጅ አዝዬ በዚያ ጭቃ እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። በየመንገዱ የተገናኘን ሌሎች ጨፋሪዎች የምንቀልድ መስሏቸው እልል አሉልን።

ጤና ተቋሙ ውስጥ የዓይን ሥልጠና የወሰደ አንድ ጠና ያለ ነርስ ነበር። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ረጋ ያለ ሰው። ቢጫ ነገር ጠብ አደረገባትና በመብራት ደጋግሞ አየ።

«ምንድነው? ይንገሩኝ እንጂ!»

«ጥቁሩ ላይ ተሰንጥቋል፤ የቆየ ነው። ቁስሉ ላይ ደግሞ ኩል ገብቶበታል፤ ማመርቀዝ ጀምሯል። ማን ነው የኳላት?»

«እኔ» አልኩ።

ወደ ልጄ ዝቅ አለ። «ምን መታሽ የኔ እመቤት?»

ልጄ እሱን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችው። እሱም አየኝ። «እናትሽ ትንሽ ውጭ ትቆይ?» ሲላት ጭንቅላቷን በአዎንታ ነቀነቀች። ከሽንት ጨርቋ ጊዜ ጀምሮ ከዓይኔ ያልለየኋት ልጅ፣ እኔ ከክፍሉ እንድወጣላት ፈለገች። ወጥቼ ከመጋረጃው ኋላ ቆምኩ።

«ጅራፍ ነው» ስትል ሰማኋት። «ሌላ ሰው አልመታኝም። ራሴ ሳጮኸው ጫፉ ዞሮ መጣ።»

«ታዲያ ያኔውኑ ለእናትሽ ለምን አልነገርሽም?»

«ከምነግራት ዓይኔ ቢጠፋ ይሻለኛል ብዬ።»

አላለቀሰችም። ስለ ሰዓት የተጠየቀች ይመስል ነበር አነጋገሯ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ።

ነርሱ ዓይኗን በውሃ ደጋግሞ አጠበ፣ መድኃኒት አደረገላት፣ ለቤትም ጠብታ ሰጠኝ። በጨርቅ እንዲሸፍንልኝ ለመንኩት፤ ያመረቀዘ ዓይን አይሸፈንም አለኝ። «በየቀኑ ያምጧት። በሦስት ቀን ካልቀነሰ ወደ መቀሌ እልካችኋለሁ። ዓይኑ ይተርፋል ወይ ብለው አይጠይቁኝ፣ እኔም አላውቅም።»

እነዚያን ሦስት ቀናት በምን ልግለጻቸው! ከበሮው በየሰፈሩ ይመታል፤ ልጄ ጨለም ባለው ጓዳ ተጋድማ ድምፁን ትከተላለች። እኔ በየሰዓቱ እጄን ታጥቤ ጠብታውን አደርግላታለሁ፤ ባደረግኩ ቁጥር ደግሞ «ለምን ዋሸሽኝ?» እላለሁ። በሁለተኛው ቀን ይህን ለስንተኛ ጊዜ እንደጠየቅኋት እንጃ፣ እናቴ ከመደቡ ላይ በኻምጣንጋ አጉረመረመች። እሷ ኻምጣንጋ የምትናገረው ስትናደድ ነው። ከዚያ በአማርኛ መለሰችልኝ።

«ልጀ፣ እኔ ዓይኔን ሲወጋኝ ለማን እንደምነግር አውቅ ነበር። ላንች ነው። ጭንሽ ላይ ተጋድሜ፣ ወረንጦ ለያዘች ሕፃን ዓይኔን ስሰጥ አልፈራሁም። ስላልጮህሽብኝ ነው። ይች ለማን ትስጥ?»

ልጄ አጠገብ ተቀመጥኩና «ከእንግዲህ ብትነግሪኝ አልቀጣሽም» አልኳት። አላመነችኝም፤ ፊቷ ላይ አነበብኩት። ምን አድርጌ ታምነኛለች?

በሦስተኛው ቀን ነርሱ በመብራቱ አይቶ ፈገግ አለ። መቀሌ ሳንሄድ ቀረን። ቁስሉ ጠገገ፤ ጥቁሩ ላይ ግን የጤፍ ፍሬ የምታክል ነጭ ነጥብ ቀረች። በዚያ ዓይን ብቻ ስታይ የሰሌዳ ጽሑፍ ጭጋግ ውስጥ እንዳለ ይሆንባታል። ይህን የምትነግረኝ ስጠይቃት ነው፤ ሳልጠይቃት ግን አንድም ቀን አልነገረችኝም።

ዓመት ሞላ። ቡሄ መጣ። ያን ጊዜ ከልካይ አልሆንኩም፤ ሜዳ ላይ ብቻዋን ርቃ እንድትቆም፣ ፊቷን ከጅራፉ እንድታዞር አሳየኋትና ሄደች። እንጀራ አልወርድ ብሎኝ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጩኸቱን ስቆጥር ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ በአጥሩ ጥግ እየሮጠች ብቅ አለች። እጇ ቀኝ ዓይኗ ላይ ነው፤ ደህናው ላይ።

«እማየ! ዓይኔ ውስጥ ገባ!»

«አላልኩሽም!» የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ዋጥኋት። እንደ ድንጋይ ነበር የወረደችው።

«ነይ ላየው» አልኩ።

መጥታ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አሳረፈች። የዓይኗን ቆብ ቀስ ብዬ ከፈትኩት። አንዲት ትንኝ ነበረች። በንጹሕ ውሃ አጥቤ አወጣሁላት፣ ተነሥታ አየችኝ፣ ዓይኗን ግራ ቀኝ አንከባለለችና ሣቀች። ከዚያ ተመልሳ ወደ ሜዳው ሮጠች። እኔም እዚያው ድንጋይ ላይ ሆኜ ጩኸቱን መቁጠር ቀጠልኩ።