ጋሽ አብዱልጀሊል አንዋርን ያዩ ዕለት

መርሳ ውስጥ ሰው ሞቶ የሟቹ ዘመድ ሳይሰማ ሲቀር፣ መርዶውን እንዲያረዱ የሚጠሩት ጋሽ አብዱልጀሊል ነበሩ። ሥራቸው እንኳ ይኼ አልነበረም፤ ወንዙ ዳር ባለችው ማሳቸው ፓፓያና ማንጎ አልምተው የሚሸጡ ሰው ናቸው። ግን አንደበታቸው ለስላሳ ነው፤ ዘዴውንም ያውቁበታል። ባለሐዘኑን በሆነ ሰበብ ከቤት ያወጡታል፣ ያዝናኑታል፣ ያበሉታል። እሱ ሲዝናና ቤቱ በሰው ይሞላል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ክፉ ቀን ሲመጣ በራቸውን ያንኳኳ ነበር።

የሲሪንቃው ደምሴ እናቱ ወልድያ ላይ የሞቱበት ጊዜ፣ ሐራ ወስደው የባቡር ጣቢያውን አስጎበኙት። ባቡር የማይመጣበትን ጣቢያ! ደምሴ ግን ሐዲዱ ላይ እየቆመ፣ እየሳቀ፣ ፎቶ እየተነሣ ዋለ። ለቅሶው ካለፈ በኋላ "ጋሽ አብዱልጀሊል፣ ያን ቀን እንደዚያ ሲያስቁኝ ባይውሉ ምን ነበረ?" አላቸው። ቅር አላቸው፤ ዘዴያቸውን ግን አልተዉም።

ጦርነቱ መርሳ ሲደርስ እሳቸው አዲስ አበባ ነበሩ። በ2013 ሐምሌ የዓይናቸውን ሞራ ሊያስገፍፉ መጥተው ኮልፌ፣ የእህታቸው ልጅ ሂሻም ቤት እንዳረፉ፣ ነሐሴ ላይ ወልድያም መርሳም ተያዙ። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩ ተቋረጠ። ልጅ አልወለዱም፤ እዚያ የቀረችው ሚስታቸው መሪማ ብቻ ናት። አብረን እንሂድ ቢሏት "ማሳውን ለዝንጀሮ ጥለን? ይልቅ ዓይንህ ሲበራ አንዋር መስጊድን እይልኝና መጥተህ ንገረኝ" ብላ ነው የሸኘቻቸው። ስኳር አለባት። መርፌዋ ብዙ እንደማያቆያት ያውቃሉ፤ ይህን ማወቃቸው ነበር ከእንቅልፍ ያጣላቸው።

ዓይናቸው በራ፤ ጥቅምት አለቀ፣ ኅዳር ገባ። ከወሎ የመጣ ሰው አለ በተባለ ቁጥር ሂሻምን እየላኩ ያስጠይቃሉ። መሪማን ያየ የለም። አንዋርን አሳየኝ ሲሉት ደግሞ "ጊዜው ጥሩ አይደለም አጎቴ፤ ሲረጋጋ" ይላል። ሂሻም መርካቶ የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ቅዳሜ ሱቁን የሚዘጋው ሲታመም ብቻ ነው፣ ያውም በደንብ ሲታመም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን "አጎቴ፣ ይነሡ፤ ዛሬ አንዋርን ላሳይዎት" አላቸው። ሚስቱ ነሲባ ሽርጣቸውን ተኩሳ ሰጠቻቸው፤ ቀና ብላ ግን አላየቻቸውም። እሳቸው ከደስታቸው ብዛት ልብ አላሉም።

አንዋር ግቢ ሲደርሱ ሰውየው ልጅ ሆኑ። ሚናራውን ሽቅብ ሲያዩ ኮፍያቸው ወደ ኋላ ወደቀች፤ መፋቂያ ሻጮቹ ሳቁባቸው፣ እሳቸውም ሳቁ። ውስጥ ገብተው ምንጣፉን በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ ዓምዱን ተደግፈው ጣሪያውን አዩ። ሁሉን ለመሪማ ነበር የሚይዙት። ምንጣፉ እግር ይውጣል እላታለሁ፤ የውዱእ ቧንቧው የመርሳን ሰው በአንዴ ያዳርሳል እላታለሁ፤ እሷ ደግሞ አታጋንን ትለኛለች። ሂሻም በስልኩ ፎቶ አነሣቸው።

"አንድ ደግሞ ከደጃፉ ላይ አንሣኝ፤ ለአክስትህ" አሉት።

አነሣቸው፤ ከዚያ ፊቱን አዞረ።

ከዙህር ሰላት በኋላ ምግብ ቤት አስገባቸው። ጥብስ አዘዘ፣ ሩዝ አዘዘ። ስልኩ ሲጠራ ወጥቶ አወራ፤ ተመልሶ ሲቀመጥ ዓይኑ ቀልቷል። ሳህኑን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገው።

"ትንሽ ይጉረሱ እንጂ አጎቴ። ከበሉ በኋላ ቀስ ብለን እንሄዳለን።"

ጋሽ አብዱልጀሊል የጠቀለሉት ጉርሻ እጃቸው ላይ ቀረ። ይህቺን ንግግር ያውቋታል። ሐራ ላይ ለደምሴ ያሏት ናት፣ ቃል በቃል። የተዘጋው ሱቅ፣ የነሲባ ያልቀና አንገት፣ ይኼ ሁሉ ጥብስ የራሳቸው ዘዴ ነበር። ሂሻም ልጅ ሳለ ክረምቱን እነሱ ዘንድ እያሳለፈ ያየውን ነው የሠራባቸው። መርሳ ውስጥ ደግሞ ለእሳቸው መርዶ የሚሆን አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

መጠየቅ ይችሉ ነበር። ፈሩ። ጉርሻውን እንደምንም ዋጡት፤ ሂሻም "እንሂድ" ሲላቸው "ያላየሁት አለ፤ ወደ መስጊዱ እንመለስ" አሉ።

ተመለሱ። በአንዱ በር ገብተው በሌላው ወጡ፣ ያዩትን ደግመው አዩ። የጫማ መደርደሪያው ፊት እንኳ ቆመው ቆዩ። ዘበኛውን መስጊዱን ማን ሠራው፣ መቼ ታደሰ እያሉ ጠየቁት፤ መልሱን ግን አልሰሙትም። እዚህ ግቢ ውስጥ እስካሉ ድረስ ማንም ምንም አላላቸውም፤ መሪማ ገና ማሳው ላይ ዝንጀሮ ታባርራለች።

"ለጉብኝት ነው የመጡት አባት?" አላቸው ዘበኛው።

"አዎ፣ ሚስቴ ልካኝ ነው።"

ሂሻም ይህን ሲሰማ ግድግዳውን ተደገፈ። ስልኩ ይጠራል፤ አያነሣውም።

አሱርን ሰገዱ። ጋሽ አብዱልጀሊል እጃቸውን ለዱዓ ዘርግተው የሚሉት ጠፋቸው። ጠብቅልኝ እንዳይሉ ልባቸው አላመነም፤ ማርልኝ እንዳይሉ አፋቸው እምቢ አለ። ባዶ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አበሱት።

"በል ልጄ፣ ሰው አስጠበቅን" አሉት።

ሂሻም አያቸውና አንገቱን ደፋ። ታክሲ ይዘው ተመለሱ።

ኮልፌ፣ በሩ ላይ ጫማ ተከምሯል። ውስጥ የሰፈሩ ሰዎችና ከመርሳ አካባቢ፣ ከሐብሩ የተፈናቀሉ ተቀምጠዋል። ከመሃል የመርሳ ጎረቤታቸው አብዱልሐሊም አለ፤ በአፋር በኩል በእግሩ ወጥቶ፣ ከስቶ ሌላ ሰው መስሏል። ወሬውን ያመጣው እሱ እንደሆነ ሲያዩት ገባቸው። አብዱልሐሊም ጉሮሮውን ጠራረገ።

"አሰላሙ አለይኩም ጋሽ አብዱልጀሊል። አንዋርን አዩት? እንዴት ነው?"

"አየሁት። ምሳም በልቻለሁ፣ ሰውም ተሰብስቧል" አሉ እየተቀመጡ። "መሪማ መቼ ነው የሞተችው?"

አብዱልሐሊም ያዘጋጀውን ንግግር ትቶ ነገራቸው።

"መድኃኒቷ አለቀ፤ ከየት ይምጣ። መስከረም ሳያልቅ ቀበርናት።"

ሴቶቹ ከጓዳ ለቅሶ ጀመሩ። ጋሽ አብዱልጀሊል ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

"እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አንዋርን ሳይላት ዋልኩ" አሉ።